ከካላሃሪ አሸዋ እስከ ጀርመን መድኃኒት ቤት፦ የ«ቶይፍልስክራለ» ሥር ለወገብና ለጉልበት ሕመም

በጀርመን የሚኖር ሰው ወገቡን ወይም ጉልበቱን አሞት መድኃኒት ቤት ሲገባ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚቀርቡለት ነገሮች አንዱ «ቶይፍልስክራለ» ነው። ሥሩ የሚመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ መሬት፣ በተለይም ከካላሃሪ አሸዋ ሲሆን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዴቭልስ ክሎው»፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ «ሃርፓጎፊተም ፕሮከምበንስ» ይሉታል። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም ውስጥ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ስለምውል ወገቤ ብዙ ጊዜ ይፈትነኛል፤ አብራኝ የምትኖረው እናቴም የጉልበቷ ልም አጥንት እንደ ሳሳ ሐኪም ከነገራት ቆይታለች። ስለዚህ የተከተፈውን ሥር፣ በከረጢት የታሸገውን ሻይና እንክብሉን በየተራ ወስደናቸዋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚህ ልምድ የተገኘውን፣ በየማሸጊያው ውስጥ ካለው መመሪያና ስለ ዕፁ ከተደረጉ ጥናቶች ጋር አመሳክሬ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሥሩ ለከረመ የወገብ ሕመምና በዕድሜ ለሚመጣ የመገጣጠሚያ መሳሳት መጠነኛ እርዳታ ይሰጣል፤ በጥንቃቄ ከተመረጠና በመመሪያው መሠረት ከተወሰደም ዋጋውን ያወጣል። ጨጓራ ለሚያስቸግረው ሰው ግን ፈጽሞ አይሆንም። በእኛ ማኅበረሰብ ጨጓራ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ሆነ የማያውቅ ስለሌለ፣ ይልቁንም ብዙዎቻችን ይህን መሰል ነገር በሻንጣ ወደ አገር ቤት ለወላጆቻችን ስለምንልክ፣ ይህ አንድ ነጥብ በማሸጊያው ላይ በትንንሽ ፊደል ከመጻፍ ያለፈ ትኩረት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 250 ግራም የተከተፈ ደረቅ ሥር ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ጎልቶ የሚሸት ነገር የለውም፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ብቻ ደስ የማይል ያልሆነ የደረቅ እንጨትና የአፈር ጠረን ይሰማል። ቁርጥራጮቹ በውጭ በኩል የተጨማደደ ቡናማ ልጣጭ ሲኖራቸው ውስጣቸው ወደ ግራጫ ያደላ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ሰፋ ያለውን ቁራጭ ብርሃን ላይ አድርጎ ለተመለከተው ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። እጅግ ደረቅና ጠንካራ ስለሆኑ በጣት ተጭኖ መስበር አይቻልም። አንድን ከረጢት ስመረምር ሁለት ነገር አያለሁ፦ የመጀመሪያው በከረጢቱ ወለል ላይ አሸዋ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቁርጥራጮቹ መካከል የጠቆረ ወይም የሻገተ መገኘቱ ነው። ሥሩ ከአሸዋ ውስጥ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚደርቅ በመሆኑ አጣጠቡና አደራረቁ ጥሩ ካልሆነ ጉድለቱ በእነዚህ በሁለቱ ይጋለጣል። እኔ የገዛሁት ንጹሕ ነበር፤ ከተጠለለው ሻይ ሥርም አሸዋ አልተገኘም።

አዘገጃጀቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ያወጣው ሰነድ ለመገጣጠሚያ ሕመም በቀን 4.5 ግራም ሥር በ500 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ለሦስት ተከፍሎ እንዲጠጣ ይመክራል። 4.5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በጀርመን የተለመደው አሠራር የፈላውን ውሃ ከላዩ አፍስሶ፣ ከድኖ፣ ለ8 ሰዓት ያህል በክፍሉ ሙቀት ማቆየት ነው፤ እኔም ማታ ከመተኛቴ በፊት እዘፈዝፈውና ጠዋት በጨርቅ አጥልዬ በፔርሙዝ ይዤው እሄዳለሁ። ውሃው ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይለወጣል። ጣዕሙ መራራ ነው ማለት አይበቃም፤ መራራነቱ ከአብሽ አልፎ ወደ ኮሶ የሚቀርብ ነው፣ ከተዋጠ በኋላም ምላስ ላይ ይቆያል። ማር ቢጨመርበት የመጀመሪያውን ጉንጭ ከማለስለስ በስተቀር ብዙ አይለውጠውም። እናቴ ገና ቀምሳው ይህን በቀን ሦስት ጊዜ እንደማትጠጣ ቁርጧን ነገረችኝ፤ ለእርሷ እንክብሉ የተገዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

በወጪ በኩል የተከተፈው ሥር የሚስተካከለው የለም። በቀን 4.5 ግራም ለሚጠቀም ሰው 250 ግራሙ ለ55 ቀናት ይበቃል፤ እንክብሉ ለተመሳሳይ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ያስወጣል። በጀርመን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒትን ወጪ ለአዋቂ ሰው መደበኛው የጤና መድን ስለማይሸፍን ሁለቱም ከኪስ የሚወጡ ናቸው።

በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ «ለመገጣጠሚያ» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ ከረጢት ሻይ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከገዛናቸው ውስጥ ቶይፍልስክራለ ከሌሎች ቅጠሎች ጋር የተቀላቀለበት፣ የእርሱም ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ያልተገለጸበት አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ተነክሮ የሚወጣ ትንሽ ከረጢት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከተዘፈዘፈ አንድ ማንኪያ ሥር ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሲጠጣ ደስ ይላል፤ መራራ አለመሆኑ ራሱ ግን በውስጡ ምን ያህል ሥር እንዳለ ይናገራል።

እንክብሉን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር በሚገባ ሊረዳ ይገባል። በሥሩ ውስጥ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች ለመለኪያነት የተመረጠው «ሃርፓጎሳይድ» የሚባለው ሲሆን የአውሮፓ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒቶች የጥራት መለኪያ የተደነገገበት መጽሐፍ) ደረቁ ሥር ቢያንስ 1.2 በመቶ ሃርፓጎሳይድ እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚህ ስሌት 4.5 ግራም ሥር ውስጥ 54 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል ማለት ነው፤ ውሃው ግን ሁሉንም ላያወጣው ይችላል። ስለ ወገብ ሕመም የተደረጉት ዋና ዋና ጥናቶች የተጠቀሙበት መጠን በቀን 50 ወይም 100 ሚሊ ግራም ሃርፓጎሳይድ ስለሆነ፣ እንክብል ሲገዛ መታየት ያለበት በማሸጊያው ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «500 ሚሊ ግራም» የሚል ቁጥር ሳይሆን በቀን የሚወሰደው መጠን ስንት ሃርፓጎሳይድ እንደሚሰጥ ነው። ትልቁ ቁጥር የተፈጨ ሥር ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩ ተመጥጦ የወጣ ደረቅ ኤክስትራክትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ በጣም ይለያያሉ። መድኃኒት ቤት የገዛነው እንክብል በመድኃኒትነት የተመዘገበ በመሆኑ ከስንት ግራም ሥር ስንት ግራም ኤክስትራክት እንደ ወጣ፣ በምን ፈሳሽ እንደ ተመጠጠና ማን ሊወስደው እንደማይገባ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ በዝርዝር ተጽፎበታል። በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ ያዘዝኩት የምግብ ማሟያ ካፕሱል ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልያዘም፤ ዋጋው ረከስ ያለ ቢሆንም ምን እየዋጥን እንደ ሆነ ሳናውቅ እንድንውጥ የሚጠይቅ ዕቃ ነውና ልመክረው አልችልም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ ለሚለው፣ መልሱ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ግን ልከኛ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2014 ለወገብ ሕመም የሚሰጡ ዕፅዋትን በሙሉ ሲመረምር፣ ይህ ሥር በተጠቀሱት መጠኖች መድኃኒት ከሌለው የማስመሰያ እንክብል ይልቅ ሕመምን የሚቀንስ እንደሚመስል አስፍሯል፤ ጥናቶቹ አጫጭርና ማስረጃቸውም ያልጠነከረ መሆኑን ግን አብሮ ገልጿል። ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ፣ 122 ሕሙማን በተሳተፉበትና አራት ወር በፈጀ የፈረንሳይ ጥናት የሥሩ ዱቄት ዲያሰሬይን ከተባለ መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት ተገኝቶበታል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲም ዕፁን ያስቀመጠው «በባህላዊ አጠቃቀም» ክፍል ነው፤ ይህም ማለት የተፈቀደው በብዙ ዓመት አገልግሎቱ ላይ ተመርኩዞ እንጂ እንደ ዘመናዊ መድኃኒት ሁሉንም ፈተና አልፎ አይደለም። ኤጀንሲው የሚቀበለውም ለቀላል የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለምግብ አለመፈጨትና ለምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ ነው። ካንሰርን፣ ስኳርን ወይም ደም ግፊትን ያድናል እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነገረውን ማንም ሰው እንዳይቀበል አጥብቄ አሳስባለሁ።

በእኛ በኩል የታየው ለውጥ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። የሕመም ማስታገሻ ተውጦ በሰዓት ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት እፎይታ የለውም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የእኔ ወገብ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የነበረው መገተር ቀነሰልኝ፣ በፈረቃዬ መጨረሻ ላይ የምውጠው ማስታገሻም በጣም አነሰ። እናቴ ደረጃ ስትወርድ እንደ በፊቱ በየመሃሉ አትቆምም፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ግን ጉልበቷ ያንኑ ሕመሙን ይመልሳል። ሐኪሙ ያዘዘላትን የእግር እንቅስቃሴ አላቋረጠችም፤ ለውጡ ከየትኛው ምን ያህል እንደ መጣ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም ለእንክብሉ መስጠት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ ልመለስ። መራራ ዕፅ በአብዛኛው የጨጓራን አሲድ ያነሣሣል፤ ይህም ሥር ለምግብ ፍላጎት የሚታዘዘው በዚሁ ባሕርዩ ነው። በመሆኑም የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስለት ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም፤ የሐሞት ጠጠር ያለበትም ሐኪም ሳያማክር መንካት የለበትም። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነም አይመከርም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይም ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ሐኪሙን ሳያነጋግር ሊጀምረው አይገባም። ከሚያስከትላቸው ችግሮች ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቅማጥ ሲሆን ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመምም ያጋጥማል። አንዲት የማውቃቸው እናት ጨጓራቸውን ለማንም ሳይናገሩ በዐቢይ ጾም፣ እህል ሳይቀምሱ ከቅዳሴ በፊት ሻዩን እየጠጡ ሰንብተው ማቃጠሉ ስለበረታባቸው ለሐኪም እስከ መድረስ ተገደዋል። ጾመኛ የሆነ ሰው ሆዱ ባዶ ሳለ እንዳይወስደው፣ ከተመገበ በኋላም ቢሆን ማቃጠል ከተሰማው ወዲያውኑ እንዲያቆም እመክራለሁ። መገጣጠሚያው ያበጠ፣ የቀላ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ሻይ አይደለም፤ ሕመሙ ከአራት ሳምንት አጠቃቀም በኋላ ካልተሻለም እንዲሁ ነው።

ስለ መድኃኒት ቤቶቹ አገልግሎት አንድ ነገር ልጨምር። ለእናቴ የገዛሁበት መድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ዕቃውን ከማውጣቷ በፊት የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም በሙሉ ጠየቀችን፣ ስለ ጨጓራም ስለ ሐሞትም ጠየቀች፣ እናቴ ጀርመንኛው ሲከብዳት እስክተረጉምላት ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች። ከኢንተርኔት ሻጩ ይልቅ ጥቂት ዩሮ ተጨምሮ እንዲህ ያለ ቦታ መግዛት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ስለ ዕፁ አገር ካላነሣሁ ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል፤ የሥሩ ጥራትም ሆነ ዋጋ የሚወሰነው እዚያ ነውና። ቶይፍልስክራለ በናሚቢያ፣ በቦትስዋና፣ በደቡብ አፍሪካና በአጎራባቾቻቸው ደረቅ አሸዋማ መሬት ላይ በዱር የሚበቅል ሲሆን ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው አብዛኛው የሚወጣው ከናሚቢያ ነው። የሰሊጥ ቤተሰብ ነው፤ የሑመራን ወይም የመተማን የሰሊጥ ማሳ በአበባው ወራት ያየ ሰው አበባውን ቢያይ ዝምድናውን አይስተውም። ዝናብ ሲጥል ከመሬት በታች ካለው ሥር ግንዶቹ ወጥተው በአሸዋው ላይ እየተሳቡ ይዘረጋሉ፤ ጥሩምባ መሰል አበቦቹ ከሮዝ እስከ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ጉሮሯቸው ቢጫ ነው። ፍሬው ሲደርቅ እንደ እንጨት የጠነከረና ዙሪያውን በመንጠቆ የተሞላ ይሆንና በሚያልፉ እንስሳት እግርና ፀጉር ላይ ተጣብቆ ዘሩን ያሰራጫል። ድርቁ ሲመጣ ከላይ ያለው ሁሉ ይጠወልጋል፤ ተክሉን በሕይወት የሚያቆየው ከዋናው ሥር ወደ ጎን የሚወጡት ሥሮች አብጠው ያጠራቀሙት ውሃ ነው። ለሻይና ለእንክብል የሚቆፈሩት እነዚሁ የጎን ሥሮች ናቸው።

ሳን፣ ናማና ሌሎችም የአካባቢው ሕዝቦች ሥሩን ለሕመም፣ ለትኩሳትና ለሆድ ሲጠቀሙበት የኖሩ ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም በርቸል ተክሉን ለአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1822 አስተዋወቀው፤ ወደ ጀርመን መድኃኒት ቤቶች የወሰደው መንገድ የተከፈተው ግን ናሚቢያ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን ነው። ሜነርት የተባለ ጀርመናዊ ገበሬ የሥሩን ጥቅም ከአገሬው ባለ መድኃኒቶች እንደ ተማረ ይነገራል። ያ ዘመን በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የዘር ፍጅት የተፈጸመበት ዘመን መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ዛሬ ከዚያው ሕዝብ ዕውቀት ተወስዶ በጀርመን ማሸጊያ የሚሸጠው ዕቃ ለቆፋሪዎቹ ምን ያህል ይመልሳል ብሎ መጠየቅ የሚገባ ጥያቄ ነው።

አቆፋፈሩ ሥርዓት አለው። በናሚቢያ ተክሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለመቆፈርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወቅቱም ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ባለው ጊዜ የተወሰነ ነው። ቆፋሪው ከተክሉ ፈንጠር ብሎ በጎን በኩል ይቆፍርና ያበጡትን ሥሮች ብቻ ቆርጦ ያወጣል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደውን ዋናውን ሥር አይነካም፤ ጉድጓዱንም መልሶ በአሸዋ ይደፍነዋል። ይህ ከተጠበቀ ተክሉ ያገግማል፤ ዋናው ሥር አብሮ ከተነቀለ ግን በዚያው ያበቃለታል። የወጣው ሥር ይታጠብና በቀጭኑ ተከትፎ ከመሬት ከፍ ባለ መረብ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። በናሚቢያ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የንያይ ንያይ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ያሉ የሳን ቤተሰቦችን ጨምሮ፣ ሌላ የገንዘብ ምንጭ እምብዛም ለሌላቸው ብዙ ሰዎች ከእጃቸው ከሚገባው ጥሬ ገንዘብ ዋነኛው ከዚህ ሥር የሚገኘው ነው።

ስለዚህ ከእጄ ካለፉት ማሸጊያዎች ነጥብ የሰጠሁት የመጣበትን አገር በግልጽ ለጻፈውና ከዱር በሥርዓት ለመሰብሰቡ የምስክር ወረቀት ለያዘው ነው። «መነሻው አፍሪካ» ብሎ የሚያልፍ ማሸጊያ ለገዢውም ለቆፋሪውም ክብር የለውም። በፋርማኮፒያው ተቀባይነት ያለው ሌላ የቅርብ ዘመዱ፣ «ሃርፓጎፊተም ዘይሄሪ» የሚባለው፣ በአብዛኛው ሃርፓጎሳይዱ ያነሰ ስለሆነ፣ የትኛው እንደ ተጠቀሰ ማየትም ይጠቅማል።

በአሁኑ ጊዜ እናቴ በመድኃኒትነት የተመዘገበውን እንክብል ከምግብ በኋላ ትወስዳለች፤ በየተወሰነ ጊዜም ለሐኪሟ እያሳየች ታርፍበታለች። እኔ የተከተፈውን ሥር የምዘፈዝፈው ፈረቃው ሲከብድ ብቻ ነው። ወደ አገር ቤት ለመላክ ለሚያስብ ሰው የምለው ይህ ነው፦ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ስልክ ተደውሎ ጨጓራ፣ የሐሞት ጠጠርና ደም ማቅጠኛ በስማቸው ይጠየቁ፤ ከሦስቱ አንዱ ካለ ሥሩ አይላክ። ከሌለም በማሸጊያው ውስጥ ያለው የጀርመንኛ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ፣ በቀን ስንት እንደሚወሰድና መቼ መቆም እንዳለበት ተገልጾ፣ ከዕቃው ጋር በአንድ ላይ ይታሰር።